የሐሞት ቱቦ በካንሰር ሲዘጋ፦ በየት በኩል ይከፈት?

መጀመሪያ ያስተዋለችው ታናሽ እህቴ ናት። በመስኮት በገባው የጠዋት ብርሃን የአባታችንን ዓይን አየችና ዝም አለች። ነጩ ቢጫ ሆኗል። ሽንታቸው ጠቁሯል፣ ሰገራቸው ነጥቷል። ሌሊቱን መዳፋቸውንና ውስጥ እግራቸውን ሲያኩ ያድራሉ። ሕመም ግን የለም። እኛም "የወፍ በሽታ ነው፣ ያልፋል" አልን።

አላለፈም። በሳምንቱ የቆሽት ካንሰር መሆኑ ታወቀ። እብጠቱ የሐሞት ቱቦውን ጨምቆ ዘግቶታል። ሐኪሙ ሆድ ሳይከፈት ቱቦውን መክፈት የሚቻልባቸው ሦስት መንገዶች እንዳሉ ነገሩን። አንዱ በአፍ በሚገባ ካሜራ ነው። ሌላው በጎን በኩል በመርፌ ነው። ሦስተኛው በአልትራሳውንድ እየታየ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ውስጥ የሚበሳ ነው። እኛ የጠየቅነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ "የቱ ይሻላል?"

አሁን ሳስበው ጥያቄያችን ጎደሎ ነበር። ቱቦው የቱ ጋ ነው የተዘጋው? ከተከፈተ በኋላስ ምን ታስቧል? እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ የሚሻለውን መናገር አይቻልም። ይህን የምጽፈው እኛ ያን ቀን በቆምንበት ቦታ ዛሬ ለቆማችሁ ታማሚዎችና አስታማሚዎች ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሐኪማችሁን ምክር የሚተካ ነገር አልጽፍም። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ግን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ እንድታውቁ እፈልጋለሁ።

የተዘጋው ምንድን ነው?

ሐሞቱ ፈሰሰ የምንለው ወኔ የከዳውን ሰው ነው። በዚህ በሽታ ግን ችግሩ ሐሞቱ አለመፍሰሱ ነው። ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ያመነጫል። ሐሞቱ ጉበት ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በተበተኑ ቀጫጭን ቱቦዎች ይሰበሰባል። የቀኙና የግራው ቱቦ ጉበቱ ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ አንድ ግንድ ሆነው ይወርዳሉ፣ በቆሽት ራስ በኩል አልፈው ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ይፈስሳሉ።

ይህ መንገድ ሲዘጋ ሐሞቱ ወደ ኋላ ይመለስና ወደ ደም ይገባል። ቢጫ የሚያደርገው ሐሞት ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን የሚባል ቀለም ነው። ጤነኛ ሰው ላይ በአብዛኛው ከ1.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር አይበልጥም። ወደ 3 ሲጠጋ ዓይን ላይ መታየት ይጀምራል። አባቴ ሆስፒታል ሲደርሱ 17 ነበር።

ቢጫነቱ ራሱ አይደለም የሚጎዳው። ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሰውን ያማርራል። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ቅባት በደንብ አይፈጭም፣ ቫይታሚን ኬ አይገባም፣ ስለዚህ ደም ቶሎ አይረጋም። የታቆረ ሐሞት ከተመረዘ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ላይ ሊደርስ ይችላል። ብዙ የኬሞ መድኃኒቶችም ቢሊሩቢኑ ካልወረደ በሙሉ መጠን አይሰጡም። ቱቦውን መክፈት ካንሰሩን አያድንም። ለሚቀጥለው ሕክምና በር ይከፍታል፣ ወይም ታማሚው ተረጋግቶ እንዲተኛ ያደርጋል። ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው።

ከመሣሪያው በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ ቦታው ነው። መዘጋቱ ከታች ከሆነ፣ ማለትም በቆሽት ራስ፣ በግንዱ የታችኛው ክፍል ወይም አንጀት አፍ ላይ ከሆነ፣ ነገሩ ቀለል ይላል። የሚከፈተው አንድ ግንድ ነው። ከላይ ከሆነ፣ ጉበቱ ደጃፍ ላይ ቀኝና ግራው በሚገናኙበት፣ ሥራው በጣም ይከብዳል። እዚያ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ከሐሞት ቱቦው ከራሱ ወይም ከሐሞት ከረጢት የተነሳ ካንሰር፣ ወይም ከሌላ ቦታ መጥቶ በአካባቢው ያሉ የሊምፍ ዕጢዎች ላይ ያረፈ ካንሰር ነው። ስለላይኛው ለብቻው እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ቀጥሎ የታሰበው ነው። ቀዶ ሕክምና በቅርቡ ይደረጋል? መጀመሪያ ኬሞ ተሰጥቶ ነው ወይ ቀዶው? ወይስ ቀዶ ሕክምና ጭራሽ አይታሰብም?

ይህ ለምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ ላሳያችሁ። የማንኛውም ቤተሰብ ስሜት "ቢጫ ሆኗል፣ ቶሎ ይከፈትለት" ነው። ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው በቀናት ውስጥ የሚደረግ ከሆነ ቀድሞ መክፈቱ ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት የቆሽት ራስ አካባቢ ካንሰር ያለባቸውን 202 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር። መጀመሪያ ቱቦው ተከፍቶላቸው ከሳምንታት በኋላ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 74 ከመቶው ከባድ ችግር ገጠማቸው። በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ከገቡት ግን 39 ከመቶው። ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት ከመክፈቱ ሥራና ከስቴንቱ (ጠባቡን ቦታ ከፍቶ እንዲይዝ ውስጥ ከሚቀመጠው ትንሽ ቱቦ) መዘጋት የመጣ ጣጣ ነው። በዚያ ጥናት የገባው በአብዛኛው የፕላስቲክ ስቴንት እንደነበር መጨመር ተገቢ ነው። በጥናቱ የገቡት ደግሞ ቢሊሩቢናቸው እስከ 14.6 ሚሊግራም በዴሲሊትር የነበረ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በፊት ቱቦ የሚከፈተው ምክንያት ሲኖር ነው። ትኩሳትና ኢንፌክሽን ካለ፣ ማሳከኩ ካልተቻለ፣ ቢሊሩቢኑ በጣም ከፍ ካለ፣ ቀዶው ከዘገየ ወይም ኬሞ የሚቀድም ከሆነ ይከፈታል። ኢንፌክሽን ሲኖር አይጠበቅም፣ ያ ድንገተኛ ሕክምና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም በፊት። ጥሩ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ከስቴንቱ በፊት ይነሣ። ስቴንት ከገባ በኋላ ምስሉ ይደበዝዛል፣ አካባቢው ሊቆጣ ይችላል፣ ቀዶ ሐኪሙም ካንሰሩ የደም ሥር መንካት አለመንካቱን ለመለየት ይቸገራል። እኛ ይህን አላወቅንም። የአባቴን ስካን ቀድመው ያዘዙት ሐኪም ግን ያውቁ ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው።

በአፍ በኩል፦ ኢአርሲፒ

ለታችኛው መዘጋት በአብዛኛው መጀመሪያ የሚሞከረው ይህ ነው። ታማሚው በማስታገሻ ወይም በሙሉ ሰመመን ይተኛል። ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራን አልፎ ትንሹ አንጀት ይደርሳል። ሐኪሙ የሐሞት ቱቦውን አፍ ፈልጎ ቀጭን ሽቦ ያስገባል፣ በኤክስሬይ እያየ ጠባቡን ቦታ ያልፋል፣ በሽቦው ላይ ስቴንት ያስቀምጣል። ዘዴው ለመመርመሪያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ስቴንት ማስገቢያ ሆነ። ስለዚህ አዲስ ሙከራ አይደለም።

ትልቁ ጥቅሙ ውጭ ምንም አለመታየቱ ነው። ከረጢት የለም፣ ቁስል የለም፣ ሐሞቱ በተፈጥሮ መንገዱ አንጀት ይገባል። በዚያው አጋጣሚ ከጠባቡ ቦታ በብሩሽ ናሙና መውሰድ ይቻላል። ልምድ ባለው እጅ ከ10 ሰው ከ9 በላይ ይሳካል።

ጉዳቱ የቆሽት መቆጣት ነው። የሐሞትና የቆሽት ቱቦ አፋቸው ጎን ለጎን ስለሆነ አንዱ ሲነካካ ሌላው ይቆጣል። በአጠቃላይ ከ100 ሰው ከ3 እስከ 10 ላይ ይደርሳል። አብዛኛው በቀናት ይሻለዋል፣ ጥቂቱ ግን በጣም ይታመማል። መድማት፣ ኢንፌክሽንና፣ አልፎ አልፎ፣ የአንጀት መበሳትም አለ። ከሥራው በፊት በፊንጢጣ የሚሰጥ ኢንዶሜታሲን ወይም ዳይክሎፌናክ የቆሽት መቆጣትን እንደሚቀንስ ታውቋል። ኩላሊት ወይም አለርጂ ካልከለከለ "ይሰጣል ወይ?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

የማይሆንባቸው ሰዎች አሉ። ካንሰሩ ትንሹን አንጀት አጥብቦ ካሜራው ካላለፈ፣ ወይም ቀድሞ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ መንገዱ ተቀይሮ ከሆነ፣ በአፍ መድረስ ይከብዳል።

ፕላስቲክ ወይስ ብረት?

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም እኛ የተጎዳነው እዚህ ላይ ነው።

የፕላስቲክ ስቴንት ስፋቱ ብዙ ጊዜ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይወጣል፣ ይቀየራል። ችግሩ ይዘጋል። ባክቴሪያ ውስጡ ተለጥፎ ዝቃጭ ይሠራል፣ በ3 ወር አካባቢ ሐሞት ማሳለፉን ያቆማል። አንዳንዱ ከዚያም ቀድሞ።

የብረቱ ስቴንት የሽቦ መረብ ነው። ተጣጥፎ ይገባና ውስጥ ሲደርስ ይከፈታል፣ ብዙ ጊዜ እስከ 10 ሚሊሜትር። ያን ያህል ሰፊ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር በላይ ይቆያል። በአንድ ጊዜ ሲታይ ውድ ነው። ነገር ግን የፕላስቲኩ ዋጋ ሲሰላ ድጋሚ መግባቱ፣ አልጋ መያዙና የተቋረጠው ኬሞ አብረው መታሰብ አለባቸው። ለታችኛው መዘጋት፣ ካንሰርነቱ ከተረጋገጠ፣ ሚዛኑ ወደ ብረቱ ያደላል። ኬሞ ቀድሞ ቀዶ የሚከተል ከሆነም ብረቱ አይከለክልም። አጭር ሆኖ በትክክል ከተቀመጠ ቀዶ ሐኪሙ ከዕጢው ጋር ያወጣዋል።

ብረቱም ሁለት ዓይነት ነው። ሽፋን የሌለው በቦታው ይጸናል፣ ግን ካንሰሩ በመረቡ ቀዳዳ አድጎ ሊዘጋው ይችላል፣ ከጊዜ በኋላ ደግሞ አይወጣም። ሽፋን ያለው ካንሰር አያስገባም፣ ሊወጣም ይችላል፣ ግን ከቦታው የመንሸራተት ዕድሉ ይበልጣል። ከዚህ አንድ የማያወላዳ ነገር ይወጣል። ናሙናው ካንሰር መሆኑን ሳያረጋግጥ ሽፋን የሌለው ብረት መግባት የለበትም። የካንሰር የሚመስል መጥበብ ሁሉ ካንሰር አይደለም። በመድኃኒት የሚድን የቆሽት መቆጣትም እንደዚያ ሊመስል ይችላል። ያን ጊዜ የማይወጣ ብረት ይዞ መቅረት ከባድ ነው።

ታዲያ ፕላስቲክ መቼ ይበቃል? ምርመራው ገና ሲሆን፣ ዕቅዱ ሳይቆርጥ ሲቀር፣ ወይም ሰውየው ቀሪ ጊዜው በጣም አጭር መሆኑ ሲታወቅ። አንዳንዴም ያለው እሱ ብቻ ሲሆን። በፕላስቲክ ማንም አይፈርድም። ነገር ግን ቀን ይቆረጥለት።

ለአባቴ የገባው ፕላስቲክ ነበር። ከሆስፒታሉ ስንወጣ የመቀየሪያ ቀን ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም። ቢጫነቱ ጠፋ፣ ምግብ በሉ፣ ሳቁ። በ10ኛው ሳምንት አንድ ማታ ብርድ ብርድ አላቸው። ሁለት ብርድ ልብስ ደርበንላቸው ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። "ጉንፋን ነው፣ ሲነጋ እንወስዳቸዋለን" ብለን አደርን። ሲነጋ ግፊታቸው ወርዶ ነበር። ተርፈዋል። ያቺን ሌሊት ግን እስካሁን አልረሳኋትም። ስቴንት ያለበት ሰው ሲያንቀጠቅጠው ጉንፋን የሚባል ነገር የለም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

በጎን በኩል፦ መርፌና ከረጢት

ለሁለተኛ ጊዜ በአፍ ሲሞከር ካንሰሩ አንጀቱን አጥብቦት ካሜራው አላለፈም። በጎን በኩል ሆነ።

ይህን የሚሠራው የራዲዮሎጂ ሐኪም ነው። ቦታውን በማደንዘዣ ያደነዝዛል። በአልትራሳውንድና በኤክስሬይ እያየ በቀኝ የጎድን አጥንቶች መካከል ወይም ከእንብርት በላይ ረጅም መርፌ ወደ ጉበት ያስገባል። የሰፋውን ቱቦ ሲያገኝ ሽቦ፣ ከዚያ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይከተላል። ጠባቡን ቦታ ማለፍ ካልተቻለ ሐሞቱ ወደ ውጭ ብቻ፣ ወደ ከረጢት ይፈስሳል። ከታለፈ የቱቦው ጫፍ አንጀት ይደርሳል። ያን ጊዜ የውጩ ተዘግቶ ሐሞቱ ወደ ውስጥ እንዲወርድ ይደረጋል። በዚያው መንገድ የብረት ስቴንት አስቀምጦ የውጩን ቱቦ ጨርሶ ማውጣትም ይቻላል። የመጨረሻውን መጠየቅ አትርሱ። ብዙ ሰው ከረጢቱ የዕድሜ ልክ ይመስለዋል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንጀት ቢጠብም፣ የጨጓራ መንገድ ቢቀየርም ይሠራል። የቆሽት ቱቦን ስለማይነካካ ቆሽት የመቆጣት ዕድሉ ያነሰ ነው። ለላይኛው መዘጋት የሚፈለገውን ቅርንጫፍ መርጦ መክፈት ያስችላል። በጠና የታመመን ሰው ያለ ሙሉ ሰመመን ማትረፍ ይቻላል። አደጋው ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው። ስለዚህ ደም የመርጋት አቅሙ ቀድሞ ይመረመራል፣ ካነሰ ቫይታሚን ኬ ወይም ሌላ ይሰጣል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቀድሞ ይናገር። ሆድ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ሰው ላይ በቀዳዳው ሊፈስ ስለሚችል ሐኪሙ ውኃውን ቀድሞ ሊቀዳ ወይም ሌላ መንገድ ሊመርጥ ይችላል።

ከረጢቱ ጋር መኖር ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኛ 3 ሳምንት ኖርንበት። ጠዋት ከረጢቱን ወደ መለኪያ አፈስሳለሁ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፦ 600፣ 550፣ 700 ሚሊሊትር። ወርቃማ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሲሆን ደህና ነው። ደም ከመጣ ወይም ድንገት መፍሰሱን ካቆመ ስልክ እደውላለሁ። በተነገረን መጠን ንጹሕ የሳላይን ፈሳሽ በሲሪንጅ ቀስ ብዬ አስገባለሁ፣ እንዳይደፈን። ፕላስተሩን እቀይራለሁ። አባቴ ሲተኙ በዚያ ጎን አይዞሩም፣ ቱቦው እንዳይነቀል ይፈራሉ። ሌላው ያልነገሩን፣ ሐሞት ሁሉ ወደ ውጭ ሲፈስ ውኃና ጨው አብሮ ይወጣል። ሰው ይደርቃል፣ ይደክማል። ብዙ የሚፈስ ከሆነ የደም ጨው መለካት አለበት። ቱቦው ከሰነበተም በየ2 እና 3 ወሩ ይቀየራል።

በሁለቱ መካከል ምረጡ ብትሉኝ፣ ለታችኛው መዘጋት በአፍ የሚቻል ከሆነ በአፍ እላለሁ። ለዚህ ዋናው ምክንያቴ ያ ከረጢት ነው።

በአልትራሳውንድ እየታየ ከውስጥ

ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱ በኋላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የታወቀ ሲሆን ባለፉት ዓመታት በጣም ተሻሽሏል። ካሜራው ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ አለው። ሐኪሙ ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ሆኖ በግድግዳው ማዶ ያለውን የሰፋ የሐሞት ቱቦ ያያል። ግድግዳውን በስቶ ሁለቱን በብረት ስቴንት ያገናኛል። ካንሰሩ ያለበትን ቦታ ሳይነካ አዲስ መንገድ መሥራት ማለት ነው። ከአንጀት ወደ ዋናው ግንድ፣ ወይም ከጨጓራ ወደ ግራው ጉበት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ለታችኛው መዘጋት ይመቻል። ሁለተኛው አንጀት ሲጠብ ወይም የጨጓራ መንገድ ሲቀየር ይረዳል።

ውጭ ከረጢት የለም። የቆሽት ቱቦውን አፍ ስለማይነካ ቆሽት የመቆጣት ችግሩ እዚህ ግባ አይባልም። ስቴንቱ ከካንሰሩ ርቆ ስለሚቀመጥ ካንሰሩ ውስጡ አያድግም። በአፍ ያልተሳካላቸው ሰዎች ላይ ከጎን መርፌው ጋር ሲነጻጸር ስኬቱ ተቀራራቢ፣ ድጋሚ ሥራው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲያውም ለታችኛው መዘጋት ከኢአርሲፒ ጋር ፊት ለፊት ያወዳደሩት ጥናቶች ተቀራራቢ ውጤት አሳይተዋል።

ታዲያ ለምን ለሁሉም አይሆንም? ሐሞት ወደ ሆድ ዕቃ ሊፈስ ይችላል፣ ስቴንቱም ሊነቀል ይችላል። በሆዱ ውኃ የቋጠረ ወይም ደሙ የማይረጋ ሰው ላይ አደጋው ይጨምራል። ከሁሉም በላይ እጅ ይጠይቃል። ይህን በሳምንት የሚሠራ ሐኪምና በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሠራ ሐኪም አንድ አይደሉም። "ስንት ሠርተዋል?" ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጥሩ ሐኪም በደስታ ይመልሳል። መልሱ ጥቂት ከሆነ የጎን መርፌን በየቀኑ የሚሠራ ራዲዮሎጂስት የተሻለ ምርጫ ነው።

መዘጋቱ ከላይ ሲሆን

ጉበቱ ደጃፍ ላይ ሲዘጋ እስካሁን ያልነው ብዙው ይገለበጣል። ካንሰሩ ቀኝና ግራውን ለይቷቸዋል። አንዳንዴም ቅርንጫፎቹን ሳይቀር ቆራርጧቸዋል። አንድ ስቴንት አስገብቶ መሄድ አይበቃም። ግቡ ከሚሠራው ጉበት ቢያንስ ግማሹ ሐሞቱን እንዲያፈስ ማድረግ ነው። ሁሉንም መክፈት አያስፈልግም። ከጠወለገ የጉበት ክፍል ሐሞት ማውጣት ብዙም አይጠቅምም።

ስለዚህ እዚህ ኤምአርአይ የግድ ነው። ካርታ ሳይያዝ ጫካ አይገባም። ቱቦዎቹን በኤክስሬይ የሚያሳየው ቀለም ወደ አንድ ቅርንጫፍ ተረጭቶ ያ ቅርንጫፍ ሳይከፈት ከቀረ ባክቴሪያው እዚያው ታቁሮ ይቀራል። ኢንፌክሽኑ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀላል የሆነው የላይኛ መዘጋት በአፍ ሊሞከር ይችላል። ወደ ቅርንጫፎቹ ዘልቆ የገባው ግን ብዙ ጊዜ በጎን መርፌ፣ ወይም በሁለቱ ቅንጅት የተሻለ ይሠራል። ብረት ከገባ ሽፋን የሌለው ይመረጣል፣ ሽፋኑ የጎን ቅርንጫፎችን እንዳይዘጋ። ቀዶ ሕክምና የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ የትኛው የጉበት ክፍል እንደሚቀር ቀዶ ሐኪሙ ሳይናገር ማንም ምንም አያስገባ። የሚከፈተው የሚቀረው ክፍል ነውና።

የላይኛው መዘጋት ቢቻል ሦስቱንም ዘዴ የሚያውቁ ሐኪሞች አንድ ላይ ተቀምጠው የሚመክሩበት ቦታ ይታይ። ጥቂት ቀን ቢዘገይም፣ ትኩሳት እስከሌለ ድረስ፣ ያዋጣል።

ሌሎቹ በአጭሩ

ሆድ ተከፍቶ ሐሞቱን በሌላ የአንጀት ክፍል ማገናኘት ዛሬ በአብዛኛው የሚደረገው ለሌላ ዓላማ ሆድ ተከፍቶ ካንሰሩ የማይወጣ ሆኖ ሲገኝ ነው። ለረጅም ጊዜ ይሠራል፣ ማገገሙ ግን ሳምንታት ይወስዳል። በቱቦው ውስጥ ካንሰሩን በሙቀት ማቃጠል ወይም በብርሃን የሚሠራ መድኃኒት መጠቀምም አለ። እነዚህ ከስቴንት ጋር የሚጨመሩ እንጂ የሚተኩት አይደሉም።

ምንም አለማድረግም አንዱ ምርጫ ነው። ሰውየው የመጨረሻ ቀናቱ ላይ ከሆነ፣ ማሳከክም ትኩሳትም ከሌለው፣ ቢጫ ስለሆነ ብቻ መርፌ መውጋት ለእሱ ሳይሆን ለእኛ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ማሳከክ ካለም እንደ ሪፋምፒሲን ወይም ሰርትራሊን ባሉ መድኃኒቶች ማስታገስ ይቻላል። የተለመደው የአለርጂ ክኒን ለዚህ ማሳከክ ብዙም አይረዳም። ታማሚው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቅ። እኛ ስለ አባታችን በሌላ ክፍል ስንነጋገር እሳቸው ሁሉንም ሰምተውናል።

ከተከፈተ በኋላ

ማሳከኩ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃል። ቢጫው ግን ቀስ ይላል። ቢሊሩቢኑ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ግማሽ ከሆነ ጥሩ ነው። ሙሉ በሙሉ ለመውረድ ሳምንታት ይፈጃል፣ ምክንያቱም ከፊሉ ከደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ነው። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ገና ቢጫ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። በሁለት ሳምንት ጭራሽ ካልወረደ ግን ጠይቁ።

ቢጫው ጠፍቶ ሰገራው ቅባታማ ከሆነና ክብደቱ መቀነሱን ከቀጠለ የቆሽት ቱቦም ተዘግቶ ይሆናል። ስቴንቱ ያንን አይፈታም። ከምግብ ጋር የሚወሰድ የቆሽት ኢንዛይም አለ። አባቴ ጀምረውት በሳምንቱ የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰ። ይህን ከሁለት ወር በፊት የሚነግረን ሰው በነበረ።

ከረጢቱ ወጥቶ የብረት ስቴንቱ በገባ ቀን እህቴ አንድ ወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈች። ስቴንቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ሽፋን ይኑረው አይኑረው፣ የገባበት ቀን፣ የሚቀጥለው የደም ምርመራ ቀን፣ ቀንም ሌሊትም የሚደወልበት ስልክ። ከሥሩ በትልቁ እንዲህ ይላል፦ "38 ዲግሪ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ ሽንት መጥቆር፣ ዓይን ቢጫ መሆን፦ ሳንማከር፣ ሳይነጋ፣ ወዲያው።" በ7ኛው ወር ላይ አንድ ሌሊት ሽንታቸው ጠቆረ። ማንም "ጉንፋን ነው" አላለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ነበርን።